የእንጨት ግጥም፦ በተገጣጣሚ የእንጨት ቤቶች ጥበብ ላይ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ «ገጠመ» የሚለው ግሥ አናጢውንና ባለቅኔውን በአንድ ጣራ ሥር ያስጠለለ ቃል ነው። አንዱ እንጨትን ከእንጨት ይገጥማል፤ ሌላው ስንኝን ከስንኝ። የስንኙ መድረሻ ፊደል «ቤት» መባሉ፣ ስንኙም ሲሰምር «ቤት መታ» መባሉ ዝምድናውን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ይሁን እንጂ የቃሉ አገጣጠም በሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ በስፋት ሲመረመር፣ ስለ ሕንፃ ጥበብ በሚጻፈው ውስጥ የእንጨቱ አገጣጠም አብዛኛውን ጊዜ ይታለፋል። ስለ ሕንፃው ቁመት፣ ስለ ፊቱ ገጽታ፣ ስላሠራው ንጉሥ ወይም ባለሀብት ስም ይተረካል፤ ሁለት ግንዶች ተገናኝተው አንድ የሚሆኑበት የስንዝር ቦታ ግን የአናጢው የግል ጉዳይ ተደርጎ ይተዋል። ሕንፃው የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚያ የስንዝር ቦታ ነው።

ዛሬ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን በስፋት ለገበያ የሚቀርብ አንድ የቤት ዓይነት አለ። ምሰሶው፣ አግዳሚው፣ ወራጁና በማእዘን የሚገባው ደጋፊ ክንድ ሁሉ በወርክሾፕ ተዘጋጅተው፣ መጋጠሚያቸው ተፈልፍሎ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ምልክት ተደርጎበት በጭነት መኪና ይላካል፤ የቤቱም አጽም በቦታው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቆማል። ሻጮቹ «በጥንታዊ የአናጢነት ጥበብ የተሠራ» ብለው ያስተዋውቁታል። በዚህ አባባል ውስጥ እውነትም አለ፣ ሽፋንም አለ። ሁለቱን መለየት የሚቻለው መጋጠሚያውን ቀርቦ በመመልከት ብቻ ነው።

የመጋጠሚያው መሠረታዊ አሠራር ቀላል ይመስላል። የአንዱ ግንድ ጫፍ ቀጭን ምላስ ሆኖ ይቀረጻል፤ በሌላው ግንድ ሆድ ላይ ለዚያ ምላስ ልክ የሆነ ቀዳዳ በመሮ ይፈለፈላል፤ ምላሱ ከገባ በኋላ ሁለቱን የሚያቆራርጥ የእንጨት ችንካር ይመታበታል። ጥበቡ ያለው ግን ከዚህ ቀጥሎ በሚመጣው ጥቃቅን ነገር ነው። የተካነ አናጢ የምላሱን ቀዳዳ ከውጭው ቀዳዳ ጋር ፊት ለፊት አያደርገውም፤ ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ምላሱ ሥር ያስጠጋዋል። ችንካሩ ሲመታ በዚያ በተዛነፈ መንገድ እየተጣመመ ያልፋልና ምላሱን ወደ ውስጥ ስቦ ያጠብቀዋል። እንጨቱ ገና እርጥብ ሳለ የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት እየደረቀ ሲሸሽ መጋጠሚያው እንዳይላቀቅ ይህ መሳሳብ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አናጢው የሚሠራው ዛሬ ላለው እንጨት ብቻ ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚሆነውም ጭምር ነው። ብረት ቀጥቅጦ፣ ሚስማር መትቶ እንጨቱን ከማስገደድ ይልቅ ጠባዩን አስቀድሞ ዐውቆ ለሥራ ማዋል የዚህ ሙያ ትልቁ ሀብት ነው።

ቤትን በሌላ ቦታ ሠርቶ፣ ፈትቶ፣ አጓጉዞ መትከል የፋብሪካ ዘመን ግኝት አይደለም። በቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የግንባታ ሥራዎች ኃላፊ የነበረው ሊ ጂዬ ያዘጋጀውና በ1103 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣው «ዪንግዛዎ ፋሺ» የተባለው 34 ክፍል ያለው መጽሐፍ የዚህ ማስረጃ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሕንፃው ሁሉ መለኪያ አንድ መሠረታዊ እንጨት ነው፤ የዚህ እንጨት ቁመት በ15፣ ወርዱ በ10 እኩል ክፍሎች ይከፈላል፤ መጠኑም እንደ ሕንፃው ታላቅነት ስምንት ደረጃ አለው። ደረጃው ከተመረጠ በኋላ የምሰሶው ውፍረት፣ የአግዳሚው ጥልቀት፣ ከምሰሶው ራስ ላይ እንደ ቅርንጫፍ የሚዘረጉት የተነባበሩ ተሸካሚዎች ሁሉ ከዚያው ልክ ይወጣሉ። እንግዲህ ብዙ እጆች በተለያየ ቦታ የሠሩት ቁራጭ በአንድ ቀን ተገናኝቶ መግጠም ይችላል ማለት ነው።

የመጽሐፉ ዓላማ ግን ውበት ብቻ አልነበረም። ሰፊ ክፍሉ የሚናገረው ስለ ሥራ ቀንና ስለ ዕቃ ብዛት ነው፤ ረጅሙ የበጋ ቀንና አጭሩ የክረምት ቀን እንኳ እኩል አይቆጠሩም። የመንግሥት ገንዘብ በግንባታ ስም እንዳይመዘበር የተሠራ መቆጣጠሪያም ነበርና። የልክ ጥበብና የሒሳብ ሐቀኝነት በአንድ ጥራዝ ውስጥ አብረው መታሰራቸው ዛሬም የግንባታ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛን የሚያነጋግር ነው። እዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ቅሬታ ግን አለ። በቻይና ሊቁ ባለሥልጣን ስሙ ሲቆይ፣ ዕውቀታቸው በመጽሐፉ የተከማቸው አናጢዎች ስም አልቆየም።

በእንግሊዝ የዌስትሚንስተር አዳራሽ ጣራ ከዚህ በተለየ ሁኔታ የአናጢውን ስም አቆይቷል። ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ አዳራሹን በ1390ዎቹ ሲያሳድስ የጣራውን ሥራ የመራው ሂዩ ሄርላንድ ነው። ወደ 21 ሜትር የሚጠጋውን ስፋት መካከል ላይ አንድም ምሰሶ ሳይቆም መሸፈን ነበረበት፤ የዚያን ያህል ርዝመት ያለው ዋርካ የሚያህል ኦክ ግን አልነበረም። ሄርላንድ ከግድግዳው ወደ ውስጥ የሚዘልቁ አጫጭር አግዳሚዎችን አወጣ፤ በእነዚያ ላይ ሌላ ቋሚ ተከለ፤ ሁሉን በትልቅ ቅስት አያይዞ ሸክሙን ወደ ግድግዳው መለሰ። አጽሙ የተዘጋጀው ከለንደን ደቡብ ምዕራብ በፋርንሃም አጠገብ ነው፤ በዚያ ተጠርቦና ተገጥሞ ከታየ በኋላ በ1395 እ.ኤ.አ. በጋሪና በቴምዝ ወንዝ ጀልባ ተጭኖ መጣ። 660 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ እንጨት በእውነተኛው ትርጉሙ ተገጣጣሚ ዕቃ ነበር።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ አናጢ ግንዱን በመሬት ላይ አጋድሞ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከራሱ ጓደኛ ጋር ብቻ እንዲስማማ ይለካው ነበር። ግንዱ ጎባጣ ቢሆን ጉብጠቱን ተከትሎ ይቀረጻል። ስለዚህም አንዱ ክንድ የሌላውን ቦታ ሊይዝ አይችልም፤ እንዳይምታታም በመሮ የተቆረጡ የሮማ ቁጥሮች ይደረጉበታል። በአሮጌ ጎተራዎች ላይ እነዚህ ምልክቶች ዛሬም ይነበባሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ አናጢዎች ሌላ ዘዴ አመጡ። በእያንዳንዱ ሻካራ ግንድ ውስጥ ፍጹም ቀጥ ያለ፣ ጥቂት አነስ ያለ ሌላ ግንድ እንደ ተደበቀ ያስቡና መጋጠሚያውን ለዚያ ለማይታየው ግንድ ልክ ይቆርጣሉ። በዚህም ዘዴ አንድ ዓይነት ክንዶች ሁሉ እርስ በርስ የሚተካኩ ሆኑ፤ አንዱን ከሌላው ጋር ሳይለኩ ሁሉን ለብቻ መሥራት ተቻለ። ይህ ታላቅ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው። ከኢንዱስትሪው ማሽን በፊት የኢንዱስትሪው ሐሳብ በአናጢው ጭንቅላት ውስጥ መፈጠሩን ያሳያልና፣ እጅና ማሽንን እንደ ሁለት ጠላቶች አድርጎ የሚያቀርበው የተለመደ ክርክር ምን ያህል ግልብ እንደ ሆነም ያጋልጣል።

የተዘጋጀው አጽም በሚቆምበት ቀን መንደሩ በሙሉ ይሰበሰብ ነበር። ወንዶቹ ክፈፉን በሹል ዘንግ እየገፉ ሲያነሱ፣ ሴቶቹ ምግብ ያቀርባሉ፤ የሥራው ባለቤት ነገ በጎረቤቱ ሥራ ላይ ብድሩን ይመልሳል። ደቦን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ያ ዓይነቱ ግንባታ ብዙ አልቆየም። በ1830ዎቹ በቺካጎ በቀጫጭን የተሰነጠቀ ጣውላና በፋብሪካ ሚስማር የሚሠራ ቀላል የቤት አጽም ብቅ አለ፤ ይህን ለመሥራት መዶሻ መያዝ ይበቃል። ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅት ከ1908 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. 70,000 ያህል ቤቶችን በካታሎግ ሸጦ በባቡር ሲልክ፣ ጣውላው ተቆርጦ፣ ሚስማሩ ተመዝኖ፣ መመሪያው ታትሞ ይላክ ነበር። ዕቃው ተሟልቷል፤ መጋጠሚያው ግን ጠፍቷል። ለሠራተኛው ቤተሰብ ርካሽ ቤት ማቅረቡ የሚናቅ ውለታ አይደለም። ከዚህ አንጻር ሚስማሩን እንደ ውድቀት ብቻ የሚያዩ የእንጨት ፍቅረኞች ፍርዳቸው ሚዛን ይጎድለዋል።

በ1970ዎቹ ጥቂት አሜሪካውያን አናጢዎች አሮጌ ጎተራዎችን እየፈቱ የጠፋውን መጋጠሚያ ማጥናት ጀመሩ። ቴድ ቤንሰን በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ ወጣቶችን ወደ ሙያው ስቧል፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም የሙያው ማኅበር ተቋቋመ። በመጀመሪያ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ትምህርትም ነበር፤ መሮ ያልያዘ ሰው መሮ እንዲይዝ ያደርግ ነበር። እያደር ግን ገበያው መንገዱን ቀየረው። ወፍራሞቹ ግንዶች ቤቱን ከውጭ በሚሸፍን ሙቀት ጠባቂ ሰሌዳ ተከልለው ወደ ውስጥ ብቻ እንዲታዩ ተደረጉ። ይህ ለግንዱ ዕድሜ ይጠቅማል፤ ከዝናብና ከፀሐይ ይጠብቀዋል። ዳሩ ግን ግንዱ የቤቱ አጥንት መሆኑ ቀርቶ የሳሎኑ ትርኢት ወደ መሆን አዘነበለ። የጎተራ ሠሪው ገበሬ ጥበብ ባለ ገንዘብ ብቻ የሚደርስበት የቅንጦት ዕቃ ሆነ።

በመጋጠሚያው ላይ የመጣው ለውጥ ከዚህ የከረረ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ በደቡብ ጀርመን ሁንዴገር የተባለው ፋብሪካና መሰሎቹ የሚሠሯቸው ማሽኖች ግንዱን በአንድ በኩል ተቀብለው፣ ምላሱንና ቀዳዳውን ቀርጸው በሌላ በኩል ያወጡታል። በጃፓን በተለመደው ስልት ከሚሠሩ የእንጨት ቤቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ዛሬ መጋጠሚያቸው የሚቆረጠው በዚህ ዓይነት ፋብሪካ ነው። ቀድሞ የጃፓን ዋና አናጢ ግንዱን አገላብጦ፣ ጀርባው በየት በኩል እንደ ሆነ አይቶ፣ ሸክሙን የሚቋቋመውን ጎን ወደ ላይ አዙሮ በቀለም ገመድ ያሰምር ነበር። ያ የፍርድ ሥራ ነበር። ማሽኑ ግንድን አይመለከትም፤ ሁሉንም ቀጥ ያለና ደረቅ አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ጠማማው እንጨት ይጣላል፤ ወይም ቀጫጭን ጣውላዎች በሙጫ ተነባብረው ጠባይ የሌለው አዲስ ግንድ ይሠራል። መጋጠሚያው ከበፊቱ የጠራ፣ ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት የሌለው ሊሆን ይችላል። የቀረው ነገር ቢኖር ምርጫው ነው። ቦታው ላይ የሚገጥመው ሠራተኛም የተጻፈውን ቁጥር ተከትሎ ይመታል እንጂ ቀዳዳው ለምን ጥቂት እንደ ተዛነፈ እንዲያውቅ አይጠየቅም።

ይህ ሁሉ ሆኖ በማሽን የተቆረጠው ምላስ ሸክም እስከ ተሸከመ ድረስ ሐቀኛ ነው ማለት ይቻላል። ሐሰተኛው ሌላ ነው። በገበያው ላይ ከሦስት ቀጫጭን ጣውላ የተሠራ ውስጡ ባዶ «ግንድ» ከኮርኒስ ጋር ይጣበቃል፤ ፊቱም በመጥረቢያ የተጠረበ እንዲመስል በማሽን ይቆራረጣል። ሸክሙን የሚሸከመው ከጀርባ የተደበቀ ብረት ሆኖ፣ ከፊት ምንም የማይዝ የእንጨት ችንካር ተተክሎ የሚታይበትም ጊዜ አለ። ችንካሩ እንደ ማኅተም ይመስላል፤ የታተመበት ውል ግን የለም።

በዚህ ፍርድ ላይ የዌስትሚንስተር አዳራሽ ራሱ ፈታኝ ጥያቄ ያስነሳል። ጣራው በእንጨት በል ነፍሳት ተበልቶ ስለ ነበር ከ1914 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. ሰር ፍራንክ ቤይንስ ባካሄደው ጥገና በእንጨቱ ውስጥ ብረት ተሰውሮ ገባ። እንግዲህ የሄርላንድ ሥራም ሐሰተኛ ሆነ? አልሆነም። እዚያ ብረቱ የመጣው 500 ዓመት የሠራን አካል ለመደገፍ ነው፤ ሽማግሌ ምርኩዝ ቢይዝ ወጣትነቱ ውሸት ነበር አያሰኝም። አዲሱ ሐሰተኛ ግንድ ግን ሮጦ የማያውቅ ሽማግሌ ነው።

ከዚህ የጠለቀውን ፈተና የሚያቀርበው የአክሱም ሐውልት ነው። 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው የወደቀው ትልቁ ሐውልት፣ እንዲሁም በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 እ.ኤ.አ. በሦስት ቁራጭ የተመለሰውና በ2008 እ.ኤ.አ. ዳግመኛ የቆመው 24 ሜትሩ ሐውልት፣ ሁለቱም የእንጨትና የድንጋይ ሕንፃ ምስሎች ናቸው። በየፎቁ ተደርድረው የሚታዩት ክብ ጉብታዎች ከግድግዳ አፍንጫቸውን ያወጡ የእንጨት ራሶች፣ ማለትም «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት ናቸው። ድንጋዩ እንጨት ያስመስላል፤ የድንጋዩ ራስ ምንም አያስርም። ታዲያ ከባዶው ኮርኒስ ግንድ በምን ይለያል?

የሚለየው ማንንም ለማታለል ባለመነሳቱ ነው። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ሐውልት ቤት ነኝ ብሎ ማንንም አያስገባም፤ በሩም አይከፈትም። የአክሱም ድንጋይ ጠራቢ ያደረገው የአናጢውን መጋጠሚያ ለክብር ማንሳት ነው። በላሊበላ የቤተ አማኑኤልን ግድግዳ የፈለፈሉትም ሰዎች ይህንኑ አድርገዋል፤ አግድም የሚሄዱትን ገባ ወጣ ያሉ መስመሮች ከአለቱ ሲያወጡ የእንጨቱንና የድንጋዩን ንብርብር በማይበሰብስ ነገር ጽፈውታል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ውስጥ ስለ ድንጋዩ ብዙ ተጽፏል። ድንጋዩ እየደጋገመ ስለሚጠቅሰው አናጢ የተጻፈው ግን በጣም ጥቂት ነው።

የአናጢው ሥራ በሕይወት የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ። በትግራይ በአምባ ላይ ያለውና በገመድ ብቻ የሚወጣበት የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። የጀርመን የአክሱም ተመራማሪዎች በ1906 እ.ኤ.አ. አጥንተውታል፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ አድሶታል። ሌላው ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በኖራ የነጣው ድንጋይና የጠቆረው እንጨት በተራ እየተነባበሩ ይታያሉ። የሁለቱም አሠራር አንድ ነው። በግድግዳው ውስጥና ውጭ ፊት ርዝመቱን ተከትለው ግንዶች ይጋደማሉ፤ ከዚያም አጫጭር ማሰሪያ እንጨቶች የግድግዳውን ውፍረት አቋርጠው ይገባሉ፤ ማሰሪያው ከግንዶቹ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተሰርጉዶ ስለሚቀመጥ ሁለቱን ፊቶች እንደ ሁለት እጅ ጨብጦ ይይዛል። ከውጭ የሚቀረው ጫፉ ነው «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለው። በበርና በመስኮት ማእዘን ላይም የቋሚውና የአግዳሚው ጫፎች አራት ማእዘን ሆነው ይወጣሉ። ጎብኚ እንደ ጌጥ የሚያየው ሁሉ የመጋጠሚያ ጫፍ ነው። ይዘትና ቅርጽ እዚህ ላይ አይነጣጠሉም፤ ጌጡን የነቀለ ሰው ግድግዳውን ይንዳል። የደብረ ዳሞ ኮርኒስ ሳንቃዎች ላይ የተቀረጹት እንስሳት ሌላ ጥናት ይገባቸዋል፤ ውበታቸው ግን ብዙውን ጊዜ ዓይንን ስቦ ከግድግዳው ያዘናጋል።

ዕውቀቱን ለተከታዩ ትውልድ የማስተላለፉ ጉዳይ በተመለከተ ሁለት ምሳሌዎች በቂ ናቸው። የጃፓኑ የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አዲስ ሆኖ ይሠራል፤ 62ኛው ግንባታ በ2013 እ.ኤ.አ. ተፈጽሟል። አንድ አናጢ በወጣትነቱ ረዳት፣ በጎልማሳነቱ ሠሪ፣ በሽምግልናው አስተማሪ ሆኖ ሊሳተፍ ይችላል። የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ደግሞ ሚያዝያ ወር 2019 እ.ኤ.አ. ጣራው ከተቃጠለ በኋላ በብረት ወይም በኮንክሪት ይሠራ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ አናጢዎች የዋናውን አዳራሽና የመቅደሱን ጣራ ከእርጥብ ኦክ በመጥረቢያ ጠርበው፣ ከፓሪስ ርቀው በየወርክሾፓቸው ገጥመው ካዩት በኋላ አጓጉዘው ተከሉት፤ ካቴድራሉም በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ይህ ሊሆን የቻለው ከእሳቱ አምስት ዓመት በፊት፣ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ ሁለት የፈረንሳይ አርክቴክቶች የድሮውን አጽም እንጨት በእንጨት ለክተው ስለ ነበርና መጥረቢያ የሚያውቁ እጆች ገና ስላልጠፉ ነው። የደብረ ዳሞና የይምርሐነ ክርስቶስ እያንዳንዱ ማሰሪያ በዚያው ጥንቃቄ ተለክቶ በአማርኛና በትግርኛ በአናጢነት መማሪያ መልክ ቢቀርብ፣ ጥቅሙ ለታሪክ ተማሪ ብቻ አይሆንም ነበር።

ኢትዮጵያ ዛሬ ያላት እንጨት ግን የጥንቱ ጥድና ወይራ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የጭቃ ቤት ምሰሶውም፣ ማገሩም፣ ወራጁም ከእርሱ ነው፤ ድሮ በልጥ ይታሰር የነበረው ዛሬ በሚስማር ይመታል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ አናጢዎችም በዚህ ምክንያት ለመጋጠሚያ አይታመንም ይላሉ። ሆኖም የሄርላንድም የፈረንሳይ አናጢዎችም ኦክ እርጥብ ነበር፤ እርሱም ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይሰነጠቃል፤ የተዛነፈው ቀዳዳ የተፈለሰፈው ስለዚሁ ነው። የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ይህን ለመፈተን ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ሁለት ሜትር እርጥብ ባሕር ዛፍ፣ አንድ መሮ፣ አንድ መጋዝ፣ ከደረቅ ወይራ የተጠረበ ችንካር ይበቃል። ምላሱን ቀርጾ፣ ቀዳዳውን ሦስት ሚሊሜትር አዛንፎ፣ ችንካሩን መትቶ፣ ቀኑን በእርሳስ ጽፎበት ከክፍሉ ጥግ ያቆመዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ተማሪዎች ክፍተቱን በማስመሪያ ይለኩታል።